ቢካ ያለችውን በቃ አልኩት

ይህቺን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኳትም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ኖሬ እሷ ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። ዛሬ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቃቀምኳት ፊደል እጽፋታለሁ። እንግዲህ የምታነቡት ስሙኝ።

ከወሎ በሰፈራ መጥቼ ባምባሲ ኖርኩ፣ ግልገል በለስ ኖርኩ፣ በመጨረሻ ከባሌ ጋር አሶሳ ገባሁ። ባሌ እዚያው ሞተብኝ። ዘመድ የለኝ። ጎረቤቴ ሐጃ ፋጡማ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ እጄን ይዛ ደጃፏ ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጠችኝ። ቦታውን «ቢካ» ይሉታል፤ የልቅሶ መቀመጫ ነው። ሴቶቹ ምንጣፍ ዘርግተው ሦስት ቀን አብረውኝ አለቀሱ፤ ለማያውቁት ክርስቲያን። ታዲያ ቃሉን አላውቀውም ነበር ልበል? በእንባዬ ነው የተማርኩት።

ክልሉ ገና አዲስ በሚባልበት ዘመን፣ እዚያው ሰፈር ፎቅ ቤቶች ሊሠሩ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ማንጎው ያለበት መኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ነገረን። ቦታው ይተው ከተባለ ግን በመንገዱ በኩል ያለው ፎቅ ይሰረዛል። እኔ የተመዘገብኩት እዚያ ፎቅ ነበር፤ ምድር ቤቱን፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈተውን። ስዞር ኖሬ የራሴን በር ቁልፍ ይዤ አላውቅም።

ሐጃ ግንዱን በመዳፏ እየመታች ጮኸች። «ቢካ! ቢካ እዚህ! ዘነቡ፣ አንተ ንገረው!» ሁሌም «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ እስቅባት ነበር።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ። «በቃ ነው የምትለው፣ እማማ? ይቆረጥ ነው?»

ሐጃ «በቃ» ማለት አቅቷት «በካ» እንደምትል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ «ቢካ»ዋን በቃ ነው ብለው የሚጠራጠረኝ የለም። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«አዎ ልጄ፣ በቃ ነው ያለችው። ጥላው ትንኝ እየሰበሰበ አስመርሯታል» አልኩት።

እኔ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ትንኙንስ ከየት አመጣሁት? ውሸቱ አልበቃ ብሎኝ አጣፈጥኩት! ሐጃ አማርኛ ሲፈጥንባት እንደማትከተል አውቃለሁ፤ አውቄ አፈጠንኩት። የነገርኩላት መስሏት «ሹክራን፣ እህቴ» ብላ አመሰገነችኝ።

ማንጎው ተቆረጠ። እኔ በቁልፌ ገባሁ፤ እሷ ከኋላው ፎቅ ሦስተኛው ላይ ወጣች። ግቢው ውስጥ በተገናኘን ቁጥር «ጥፋት የኔ አማርኛ ነው። መሐንዲሱ አልሰማም እኔን» ትለኝ ነበር። እኔስ ምን አልኳት? «አይዞሽ» አልኳት። ዓመት ከዓመት፣ አይዞሽ!

ሐጃ የሞተች ቀን ሴቶቹ እንደ ጥንቱ ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ። መኪኖቹና ባጃጆቹ መሐል ሊዘረጉ ሲሉ ዘበኛው «መኪና ሊገባ ነው፣ ተነሱ!» አላቸው። ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በብብታቸው እንደያዙ የቤቴን ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አለቀሱ። እኔ ከበሬ ኋላ ቁልፌን ጨብጬ ሰማኋቸው። አልወጣሁም። ለእኔ ያነጠፉልኝን ሴቶች ቆማችሁ አልቅሱ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ቤት አልነበረኝም ብዬ ላመካኝ? ቤት የሌለውስ ስንቱ ነው፣ አፉን የጠበቀ!

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ነበረች፤ እሷም አማርኛዬ ጎደለ እያለች ሄደች። አማርኛዋ አልጎደለም ነበር።