የጋራዡ ቫኪዩምና የአባባ ከዘራ

ሻጩ «ለምንጣፍ ነው ለሶፋ የፈለግሽው፣ እህቴ?» ሲላት አናጢዋ ሁለት እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለት። አውራ ጣቷ ላይ መጋዝ የተወው ጠባሳ አለ። ጥፍሮቿ ሥር ኮላ ደርቋል።

«ይሄ የምንጣፍ እጅ ይመስልሃል?» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እሷ ግን ዛሬ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው ከቤት የወጣችው፤ ይሄ ደግሞ ሦስተኛው ሱቅ ነው። በመጀመሪያው «ባለቤትሽ ይምጣና እናስረዳው» ተብላለች። ባል የላትም፤ ቢኖራትም ለሥራዋ ማሽን የሚመርጥላት አይደለም። በሁለተኛው የማሽኑን ቀለም እንድትመርጥ ጠየቋት። ቀለም! ቀዩ ከሰማያዊው ይልቅ አቧራ ይወድ ይመስል!

«ለጋራዥ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ቤቴ ላለው ጋራዥ፤ እንጨት ለምሠራበት። ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ቫኪዩም። እስከ ቅዳሜ እፈልገዋለሁ።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ለምን እስከ ቅዳሜ እንደሆነ ለሻጩ አልነገረችውም፤ ለእኛ ግን ይነገራል።

ሰፈሩ «እሳቷ» ይላታል፤ እውነትም ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሦስቱን መኪና ገብቶበት በማያውቅ ጋራዥ ውስጥ ቁም ሳጥንና በር ስትሠራ ኖራለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ ጋራዡም የሳቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሐኪም የሳንባቸውን ምስል ብርሃን ላይ ሰቅላ አየችና «ከዛሬ ጀምሮ አቧራ ያለበት ቦታ እግርዎ እንዳይረግጥ» አለቻቸው። ሽማግሌው ቤት ገብተው አልጋቸውን ከመስኮቱ ሥር አስነሱና ከጋራዡ ጋር ከሚያዋስናቸው ግድግዳ አስጠጉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በጆሯቸው ይሠራሉ። መጋዙ ሲጮኽ፣ መላጊያው ሲሄድ፣ መዶሻው ሲያርፍ ይሰማሉ፤ አስተያየታቸውንም በከዘራ ግድግዳውን እየመቱ ይልካሉ። አንድ ምት «ቀጥይ» ማለት ነው። ሁለት ምት «አቁሚ፣ እያበላሸሽ ነው» ማለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራች ሴት በግድግዳ ስትታረም ደሟ ይፈላል። «እሺ አባባ! ሰማሁ!» ብላ ትጮኻለች። መጋዙን አጥፍታ ምላጩን ስትዳስሰው ግን እውነትም ዶልዱሟል። ይሄኔ የባሰ ትናደዳለች። አንድ ቀን ሆን ብላ ምስማር አጣማ መታች፤ ሦስተኛው መዶሻ ሳያርፍ ሁለቱ ምት ደረሳት። ሰው እንዴት የምስማር መጣመም በግድግዳ ይሰማል? እሳቸው ይሰማሉ። ከዚህ ሌላ ሥራ የላቸውም።

ንዴቷ በዚህ ብቻ ቢያበቃ በቀለላት። ታላቅ ወንድም አላት። ቢሮ የሚውል፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እንኳ እጁን የሚያራግፍ። ሰፈሩ እሱንም አልማረውም፣ «ክራቫቱ» ይለዋል። ክራቫቱ አምና የቤት ቫኪዩም በሪባን አስሮ አመጣላት። «ይሄው፣ አቧራሽን ሳቢበት» አላት። ሳበችበት። ወለሉ አበራ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስትጨርስ ጋራዡን እያጸዳች፣ ጽዳቷን እያየች ኮራች። የአባቷ ሳል ግን በረታ እንጂ አልቀነሰም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ «ፍቅፋቂው አይደለም የሚጎዳቸው፤ በዓይን የማይታየው ነው» ስትል አናጢዋ ቤት ገብታ የጋራዡን መስኮት ጋረደች፤ የክራቫቱን ስጦታ አስነስታ በማሽኑ ጀርባ በኩል የእጅ ባትሪ አበራች። ጭስ! በፊቱ የሳበውን በጀርባው ይተፋዋል፤ የተተፋውም በበሩ ሥር እየሾለከ ወደ መኝታ ቤት ያመራል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ዓመት ሙሉ፣ በገዛ እጇ፣ አቧራውን አባቷ ሳንባ ውስጥ ስትነፋ ኖራለች። በክራቫቱ ተናደደች፣ በማሽኑ ተናደደች። ከሁሉ በላይ የተናደደችው በራሷ ነው፤ የዚህኛው ንዴት ክፋቱ ደግሞ ጠርተው የሚሰድቡት ሰው የለውም።

ክራቫቱ ነገሩን ሲሰማ ስለ ስጦታው ትንፍሽ አላለም። «በቃ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ወይ አቧራው ይጥፋ፣ ወይ አባባን እወስዳቸዋለሁ» አለ። የሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ሶፋው ነጭ። አባቷ ወሬው ሲደርሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እዚያ ሆኜ ምን እሰማለሁ? አሳንሰር?»

እንግዲህ ሻጩ ፊት የቆመችው ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው። ሻጩ ደግሞ አፉ ቅቤ ነው። ከትልልቆቹ ማሽኖች አንዱን አስነሳና በቱቦው አፍ የብረት ኳስ አንጠልጥሎ አሳያት።

«ጉልበት ማለት ይሄ ነው!»

«እኔ ብረት አልስብም። ከኋላው ምን ይወጣል?»

«ከኋላው?»

«አዎ፣ ከኋላው! ፊልትሮው ደቃቁን ያስቀራል አያስቀርም? ከረጢቱ ወረቀት ነው ጨርቅ?»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው ማሽን ነው።»

ቆሽቷ አረረ። ከቦርሳዋ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣች፤ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ የተረፈ፣ ከዱቄት የላመ ብናኝ ሞልታበታለች። ክዳኑን ከፈተችና የባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረገፈችው። ሻጩ «ኧረ! ኧረ ምን ነካሽ ሴትዮ!» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሳበው» አለችው።

ሳበው። እሷ ጎንበስ ብላ ባትሪዋን ከማሽኑ ጀርባ አበራች። የክራቫቱን ስጦታ ያህል አይከፋም፤ ግን ጭስ ነው። ሻጩም አየው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

ጫጫታውን ሰምተው ከሱቁ ጓዳ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ካቻቢቴ እንደያዙ ብቅ አሉ፤ ተሰብሮ የሚመለሰውን ማሽን ሁሉ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ባትሪውን አዩ፣ ብናኙን አዩ፣ አናጢዋን አዩ።

«ከኋላው ምን ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አሉና አንድ ግራጫ፣ አስቀያሚ፣ በርሜል የመሰለ ነገር እየገፉ አመጡ። «ይሄ ሁለት ፊልትሮ አለው። መጋዝሽን እዚህ ሶኬት ላይ ትሰኪዋለሽ፤ መጋዙ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ብናኙ ሳይበተን ከምላጩ ሥር ይቀበለዋል። ሞክሪው።»

ሞከረችው። ባትሪዋን አበራች፤ ብርሃኑ ውስጥ ምንም የለም። ደግማ አበራች፤ ምንም። «እፎይ» ስትል ግን የራሷን ድምፅ አልሰማችም። ማሽኑ ያጓራል። የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ይሄኔ ከዘራው ትዝ አላት። በዚህ ጩኸት ውስጥ አባቷ መጋዙን እንዴት ሊሰሙ ነው? እሷስ ግድግዳውን?

«ድምፁ ዝቅ ያለ የለም?» ብላ ጮኸች።

«አለ፤ ግን ታዞ ነው የሚመጣው። ሦስት ወር ይፈጃል።»

«ቅዳሜ ነው እኮ የምፈልገው! ሳንባውን ስትሰጡኝ ጆሮውን ልትወስዱብኝ? ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?»

«ልጄ» አሉ ሴትዮዋ ማሽኑን እያጠፉ፣ «እኔ የምጠግነው ማሽን ነው። ሌላውን አልችልም።»

ግራጫውን ገዛችው፤ ስትገዛው ፊቷ የተከሰሰ ሰው ፊት ነበር። ከመውጣቷ በፊት ግን መስታወቱን በጨርቅ ወልውላ አጸዳችላቸው። ተናዳጅ ናት እንጂ ባለጌ አይደለችም።

አርብ ጠዋት ቱቦውን ከመጋዙ ሥር አሰረች፤ የበሩን ሥር በጎማ ደፈነች፤ እስከ አመሻሹ ሠራች። ግድግዳው ይመታ አይመታ አላወቀችም። ሥራ አቁማ ስትገባ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ከዘራው ወለሉ ላይ ወድቋል።

«አባባ፣ ዛሬ እኮ አንዴም ሲያስሉ አልሰማሁም።»

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ወደ ጆሯቸው ሳቡ።

«አባባ?»

«በዚያ ጩኸት መቼ ትሰሚያለሽ!» አሉ ሳይዞሩ። «ደግሞ እውነትሽን ነው፣ አላሳልኩም። ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«የቁም ሳጥን በር።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስደበድብ ዋልኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ሻንጣዬን አዘጋጂልኝ። ሥራሽን ከተነጠቅሁ እዚህ ሆንኩ አራተኛ ፎቅ ሆንኩ ለኔ ያው ነው።»

«ይተንፍሱልኝ ብዬ እኮ ነው!» ጮኸች። ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሦስት ሱቅ የዞርኩት፣ የተሳቀብኝ፣ ይተንፍሱልኝ ብዬ ነው! መጋዙን ባይሰሙት ምን ይሆናሉ? እርስዎ ከሞቱ ግድግዳውን ማን ይመታልኛል?»

አባቷ ሳይዞሩ ሻንጣው ወዳለበት በእጃቸው አመለከቱ። እሷም ሻንጣውን አወረደችና ሸሚዞቻቸውን እያጠፈች፣ እያንዳንዱን በጥፊ እየመታች ከተተች።

ቅዳሜ ጠዋት እልህ ያዛት። ክራቫቱ እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ ልትጠብቀው ነው? ጋራዥ ገባች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ መጋዙን አስነሳች፤ ግራጫውም አብሮ አጓራ። ሁለተኛውን በር ግማሹ ላይ ስታደርስ መጋዙ እየከበደ መጣ፤ የእንጨቱ ጠርዝ ጠቆረ። እሷ ግን ገፋችው። በእልህ የሚገፋ ሰው የሚቃጠል ነገር አይሸተውም።

በድንገት መጋዙም ማሽኑም እኩል ዝም አሉ። መብራት የጠፋ መሰላት። ዘወር ስትል አባቷ ለመንገድ የተዘጋጀ ኮታቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የነቀሉትን ስፒና ይዘው ቆመዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጡት ወለል ላይ።

«መስማት ብከለከል ለማየት መጣሁ» አሉ። «ምላጩ ዶልዱሟል። ሽታው መኝታ ቤቴ ድረስ ደርሷል። አፍንጫሽንም ማሽኑ ሳበው?»

«አባባ ይውጡ! ሐኪሟ እኮ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ከመስኮቱ የገባው የጠዋት ፀሐይ በሁለቱ መሀል አልፎ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አርፏል። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ብርሃኑ ውስጥ ብናኝ ሲርመሰመስ ታያለች። አሁን ባዶ ነው። ሐኪሟ የከለከለችው አቧራውን እንጂ ጋራዡን አልነበረም። በግድግዳ መነጋገሩን ስለለመዱት ሁለቱም ይህን ረስተውት ኖረዋል።

በርጩማ አመጣችላቸው። ለማንኛውም ብላ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አሰረችላቸው። «እንደ ሌባ ሸፈንሽኝ» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን አላወለቁትም። ምላጩን ቀይራ ስፒናውን መልሳ ሰካችው። እሳቸው የተቃጠለውን በር ጭናቸው ላይ አጋድመው በጠቆረው ጠርዝ ላይ አውራ ጣታቸውን አመላለሱ። «ይሄን ማን ይገዛሻል? ለማን ቤት ነው? ለጠላትሽ?» አሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲቆጡ ካየቻቸው ሁለት ዓመቷ ነው።

ክራቫቱ በአራት ሰዓት ደረሰ። መኝታ ቤት ሲገባ ሻንጣው አልጋው ላይ አለ፤ ባለቤቱ የሉም። ሻንጣውን አንጠልጥሎ የጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እዚህ? ሐኪም የከለከላቸው ቦታ? አንቺ፣ ልትገድያቸው ነው?»

«አቧራው ይጥፋ አልክ፤ ጠፋ» አለችና ባትሪዋን ወረወረችለት። «እንካ፣ ጋሼ፣ ፈልገው። ያንተ ስጦታ ሲተፋው የከረመውን ያየሁት በዚሁ ነው።»

ክራቫቱ ባትሪውን ቀለበው እንጂ አላበራውም። ስለ ነጩ ግድግዳ ተናገረ፣ ስለ ንጹሑ አየር ተናገረ፣ አባባ ለመዳን ማረፍ እንጂ እንጨት ማየት እንደማያስፈልጋቸው ተናገረ። ቀጠለ፣ ቀጠለና በመጨረሻ እውነተኛው ነገር አመለጠው።

«ሰው ምን ይለኛል? አባቱን ሰጋቱራ ውስጥ ጥሎ እሱ ፎቅ ላይ ይኖራል ሲባልስ?»

አባቷ ከዘራቸውን አነሱና ወለሉን መቱ። ሁለት ጊዜ።

ክራቫቱ ይህን ቋንቋ አያውቀውም፤ ንግግሩን ቀጠለ። የእህቱ እጅ ግን በልማድ ወደ መጋዙ ማጥፊያ ሄደ። መጋዙ እኮ ጠፍቷል። ቀና ስትል አባቷ የሚያዩት እሷን አይደለም፤ ከዘራው ያመለከተው ወደ ወንድሟ ነው።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። ከዘራው አንዴ መታ።

መጋዙን አስነሳችው። ግራጫው ማሽን ከሥሩ አጓራ፤ የቁም ሳጥኑ በር ሳይጠቁር ንጹሕ ሆኖ ተቆረጠ። ክራቫቱ ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ምን እንዳለ ግን ማንም አልሰማውም።