ዝግባ ያልነበረች እናት

የሰው አሮጊት ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ እኔ በዚህ እድሜዬ ፖለቲከኛ ሆንኩላችሁ። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ወገቤን አመመኝ ብዬ የምቀር ሴት ነኝ እኮ። ማን ግቢበት አለኝ? ማንም። አፌ ቀድሞ ገባ፣ እኔ ተከትዬው ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀወት ወረዳ ከዘመድ ሰርግ ተጠራሁ። የዚያ አገር ሰው ድልድይ ይሠራላችኋል ተብሎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ተጨብጭቦ፣ ድልድዩ ግን የለም። ሙሽራዋ ወንዙን የተሻገረችው በአህያ ነው፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ ተራው ደረሰኝና ግጥሜን ጣልኩት፦

ሪባኑን ቆረጡ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፤
ድልድዩ የት ገባ፣ ወዴት አመለጠ?

ሰዉ ሳቀ። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። በአራተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች በባጃጅ መጡና ግጥሙን ማን እንደጻፈልኝ ጠየቁኝ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው፣ ከኋላዬ አንድ የተማረ ጎረምሳ የተደበቀ መስሏቸው ነው። የለም፣ የራሴ ነው አልኳቸው። እዚያ ላይ እንኳ ኮራሁ፣ ሞኟ! ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ።

ሮቢት ከተማ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱ ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። መስኮቱን በብሎኬት ደፍነውት ከላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ትተዋል። ቆርቆሮው የሮቢትን ፀሐይ ይዞ ሲንጣጣ ይውላል፤ የገባ ሁሉ ዓይኑ ያለቅሳል። ውስጥ አንዲት መምህርት ከሦስት ልጃገረዶች ጋር ተቀምጣለች። መምህርቷ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አማርኛ አስተማሪ ናት፤ ልጆቹ ተማሪዎቿ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። በምን ታሰራችሁ ስላቸው በግጥም አሉኝ፤ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ያነበቡት ነው።

አሰሙኝ አልኳቸው። አሰሙኝ። ቤቱ አይመታ፣ ምቱ አይገጥም። ለዚህስ መታሰርም ሲያንሳቸው ነው አልኩ በሆዴ።

ሥራ የለ፣ ምን ይደረግ፣ ማስተማር ጀመርኩ። ቢጫ ጀሪካን ነበረችን፤ እሷን ገለበጥኩና፣ ሁለት ሴቶች ባንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አስቡ አልኳቸው። አንዷ ስታነሳ አንዷ ትጥላለች፤ የሁለቱም ዘነዘና የሚያርፈው ግን እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው። ያንደኛዋ ጠርዙን ከመታ እህሉ ይፈሳል። ግጥምም እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያው መስመር በወደቀበት ድምፅ ላይ ሁለተኛው ይውደቅ። ዷ አደረግኩ፣ ደግሜ ዷ።

ሦስቱም አዩኝ። አንዷ፣ «እማማ፣ እኛ ወፍጮ ቤት ነው የምናስፈጨው» አለችኝ።

ተናደድኩ። ዘነዘና ጨብጠው አያውቁም! መምህርቷ ደግሞ ስንኝ፣ ሐረግ፣ ቤት መድፊያ እያለች ግድግዳው ላይ በከሰል ትጽፍላቸዋለች። እነሱ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ግጥም በጣት ይቆጠራል እንዴ? ጆሮ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? አምስት ቀን ሙሉ ጀሪካን ደበደብኩ፤ አንድም ጥርት ያለ ሁለት መስመር አልወጣም።

በስድስተኛው ቀን ምግብ ያመጣ ዘመድ መርዶ ይዞ መጣ። ከሦስቱ ዝምተኛዋ፣ ከማጀቴ ከተማ የመጣችው ልጅ፣ እናቷ ሞታለች። ቀብር ደርሳ ትመለስ ብለን ለመንን። ከበላይ ይጠየቃል ተባለ። ተጠየቀ፣ አልተጠየቀ አላውቅም፤ በማግስቱ እናትየዋ ተቀበረች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። የሽንኩርቱ ሽታ ሁላችንንም ያስነባናል፣ የሷ ዓይን ግን ደረቀ። አልበላ አለች፣ አልጠጣ አለች፤ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። እኔ ፈራሁ። በኛ አገር እናቱን ያልቀበረ ሰው፣ ባለበት ሆኖ አልቅሶ እርሙን ማውጣት አለበት። ካላወጣ ሐዘኑ ውስጡ ይቀመጣል፣ ሰውዬውን ይበላዋል። የእናትን ግጥም ደግሞ ልጇ ናት የምትጥለው። እኔማ አስር ላወርድላት እችል ነበር፣ ግን የተውሶ ግጥም እርም አያወጣም።

በሩ ላይ ያለችውን ሴት ፖሊስ፣ ልናለቅስ ነው፣ ፍቀጅልን አልኳት።

«ማልቀስ አልተከለከለም እማማ» አለችኝ። «የተከለከለው ድምፅ ነው። ከውጭ እንዳይሰማ።»

እንግዲህ በሹክሹክታ። ነጠላዬን ለልጅቷ ዘቅዝቄ አለበስኳትና፣ በይ ልጄ፣ ሁለት መስመር ብቻ አልኳት። ሞከረች። አልመታም አልኩ። ደግማ ሞከረች። ጠርዙን መታሽው አልኩ። አራት ጊዜ መለስኳት፤ እናቷ ሞታባት እኔ ድምፅ አስለቅማታለሁ! ባምስተኛው እንዲህ አለች፦

እናቴ ረጅሟ፣ የደጋ ላይ ዝግባ፤
ዓለሜ ጨለመ፣ አፈር ስትገባ።

መታ! ጀሪካኗን በመዳፌ ዳሰስኳት፣ መምህርቷም ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷን አየኋት። ዓይኗ አሁንም ደረቅ ነው።

«እናትሽ ረጅም ነበሩ?»

«አይ እማማ፣ አጭር ነበረች።»

«ደጋስ ነው ያደጉት?»

«ቆላ ነው። ደጋውን ደብረ ሲናን እንኳ አታውቀውም።»

«ታዲያ ዝግባውን ከየት አመጣሽው?»

«ቤት እንዲመታልዎት ብዬ» አለችኝ።

አቤት፣ ያኔ ራሴን በዘነዘና ብለው ደስ ባለኝ። የሞተችውን ሴት ያስረዘምኳት እኔ ነኝ። ጀሪካኗን ገፋሁና፣ ግጥሙ ይቅር፣ እናትሽ ምን ይሠሩ ነበር አልኳት።

ነገረችን። እናቷ ማሽላ ከወፍ ትጠብቅ ነበር፣ የራሷንም የሰውንም። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ጀምሮ ማማ ላይ ወጥታ እስኪመሽ ስትጮህ ትውላለች። ማታ ድምጿ ተዘግቶ ትገባለች። ልጆቿን ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ የምትላቸው በጥቅሻ ነው። ልጅቷ በዚያ ወቅት የእናቷን ድምፅ የምትሰማው ከሩቅ ብቻ ነበር፣ ወፎቹን ስትቆጣ።

ይህንን ስትነግረን ድምጿ ራሱ እየሰለለ ሄደ። ከዚያ ማንም በይ ሳይላት ተነሳች፣ ነጠላውን አጥብቃ ያዘች፦

ለወፍ ሁሉ ጮኸሽ፣ ድምፅሽን ጨረስሽው፤
ለኔ የተረፈኝ፣ ያይንሽ ጥቅሻ ነው።

መምህርቷ ወደኔ ዞረች፣ ላርም እየጠበቀች። ሰምቻለሁ እኮ። የመጀመሪያው አንድ ቦታ ወደቀ፣ ሁለተኛው ሌላ ቦታ። ማረሚያው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስድስት ቀን ያልተቻለኝ አፍ ሊናገር ከፈት ብሎ ነበር። ልጅቷ ግን እንባዋ ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል።

አፌን በመዳፌ ያዝኩት። ከዚያ ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁና እንዳለችው፣ አንድ ቃል ሳልነካ ተቀበልኳት። መምህርቷ ተቀበለች፣ ሁለቱ ልጆችም ተቀበሉ። አምስት ሴቶች ቆመን፣ ድምፃችን እንደተዘጋ ሰው፣ በሹክሹክታ አለቀስን። በሩ ላይ ያለችው ፖሊስ በስልኳ የከፈተችውን ዘፈን ዘጋችው። ልጅቷ ከለቅሶው በኋላ ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች። በማግስቱ በላች።

በአስራ አንደኛው ቀን ሁለተኛ እንዳትገጥሚ ብለው ለቀቁኝ። እነሱም ከኔ በኋላ ወጡ። ልጅቷ ከማጀቴ አንዳንዴ ትደውላለች፤ ግጥም ግን አታነሳም፣ እኔም አላነሳባትም። ድልድዩ እስካሁን እንዳመለጠ ነው።

ያቺ ሁለት መስመር ግን እረፍት ነሳችኝ። ጆሮዬ አልተዋትም። ቤት የሚመታላት ቃል ሦስት አግኝቼላታለሁ፣ ሦስቱም የሚያምሩ። አንዱን ባስገባሁ ቁጥር ቤቱ ይመታል፣ ሴትዮዋ ግን ከማማው ትወርዳለች። መልሼ አወጣዋለሁ።

ባለፈው ከጎረቤቴ ጋር ማሾ ስንለቅም ሁሉንም ነገርኳት፣ ግጥሙንም አልኩላት። እሷ ለለቅሶ ግጥም ብዙም አትሰጥም፣ በነሱ ሃይማኖት ጮሆ ማልቀስ አይወደድም፤ መንዙማ ያሳደገው ጆሮ ግን አላት። አንገቷን ደፍታ እስከመጨረሻው ሰማችኝ። ከማሾው ውስጥ አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«ወላሂ፣ ቤቱ አልመታም» አለች።