የጸዳው ማድቤት

ከመዳብ ማውጫው ወደ ወደቡ ለሚወርደው አውራ ጎዳና ብድር ተገኘ ከተባለ ወዲህ፣ በመስመሩ ላይ ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች እንደ አሸን ፈልተዋል። ምትክ መሬት የሚሰጠው ግን ለነባር ነዋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝጋቢዋ ኤድልሚራ ከሁሉ አስቀድማ የምታየው የማድቤቱን ጣሪያ ነው፤ ሰው የኖረበት ቤት ጥላሸት አለው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ጎማ አቃጥለው ያጠቆሩት የወር ዕድሜ ያለው ቤት ነባር ተብሎ አልፏል።

የቀጣዩ ቤት ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ደጅ ቆመው ጠበቋት። በረባሶአቸው ታጥቧል፤ የተጣፈ ኮታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ የኮካ ቅጠል በጉንጫቸው ወትፈዋል። በሩን ሲገፉ ወደ ውስጥ፣ "እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ" አሉ። ውስጥ ማንም የለም።

ማድቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ኖራ ተቀብቷል።

"አባባ፣ ይሄ ቤት መቼ ተሠራ?"

"እናቴ እዚሁ ነው የወለደችኝ።"

"ታዲያ ጥላሸቱስ?"

"ውይ አንቺ! የመንግሥት እንግዳ በጥላሸት ልቀበል? ሦስት ቀን ሙሉ ስፍቅ ሰነበትኩ። ሚስቴ ብትኖር ታፍርብኝ ነበር።"

ኤድልሚራ ጣቶቻቸውን አየች፤ ኖራው ልጧቸዋል። ከኋላዋ የቆመው አለቃዋ ጣሪያውን ፎቶ አነሳና፣ "አዲስ ግንባታ ብለሽ ጻፊ" አላት በስፓኒሽ።

"እኚህ ሰው እኮ..."

"ጻፊ አልኩሽ!"

ሽማግሌው ስፓኒሽ አይሰሙም። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ፈገግ አሉ።

"ጸድቷል አይደል፣ ልጄ?"

"በጣም ጸድቷል፣ አባባ" አለቻቸው በአገራቸው ቋንቋ በኬችዋ፣ እየጻፈች።