የራዲዮ መርዶ

ትዝታውን የቀሰቀሰብኝ የአቧራ ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወልድያ ባለው ቤቴ፣ የባለቤቴን አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። በጨርቅ ወለወልኩትና ሶኬቱን ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ማራገቢያውም አቃስቶ መዞር ጀመረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጠበቅሁ። ያው ጥቁር ነው። ትንሽ ቆይቶ ከሣጥኑ ጀርባ ሞቃት አየር መንፈስ ሲጀምር ያ ሽታ መጣ፤ ለዓመታት የተኛ አቧራ በጋለ ብረት ላይ ሲለበለብ የሚሸተው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። እጄ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ሐሳቤ ያደግኩባት ከተማ መርሳ ገባ፤ አስፋልቱ ዳር፣ ጋሽ ይመር በረንዳ ላይ።

ኮምፒውተሩን ለምን እንዳወጣሁት አስቀድሜ ልናገር። ባለቤቴ ሁሴን የግብርና ባለሙያ ነበር። ሥራው በሀብሩ ገጠሮች ያዞረው ስለነበር ብዙ ጊዜ እዚያው ያድራል። ልጃችን ሐያት ደግሞ የእሱን ተረት ካልሰማች አልተኛም ትላለች። ስለዚህ አንድ ቀን ርካሽ ማይክሮፎን ገዝቶ መጣና የጅብና የአህያ ተረት ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀዳላት። መሃል ላይ ያስለውና «ይቅርታ ሐዩ» ይላል። እኔ ከጓዳ ሆኜ ስስቅ ይሰማል። በጦርነቱ ሰሞን ስልኩን ከእጁ ወሰዱበት፤ ቤታችን ሲዘረፍም ቴሌቪዥኑ ሄደ። ይህን ከባድ ሣጥን ግን የሚሸከመው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የያዛት የቁልፍ ስልክ ከመደወል ሌላ ሥራ አልነበራትም። ቀጥሎ ኩላሊቱ ታመመ፤ ሞተም። ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ ለመክፈት አልደፈርኩም።

ሐያት አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በቅርቡ ልብሷን እየቀየርኩላት ሳለ «እማ፣ የአባቴ ድምፅ ጠፋኝ» አለችኝ፤ ልክ እርሳስ እንደ ጠፋባት ሁሉ። እኔም ሳላስብ «ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ አሰማሻለሁ» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጓደኞቿ ሁሉ ስትናገር ሰነበተች።

ስክሪኑ እምቢ ሲል ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ዳዊት ደወልኩ።

«ማራገቢያው ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«ጢጥ ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያው ራሙን፣ ያቺን ቀጭን ሰሌዳ፣ አውጪና ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ እሺው።»

«በላጲስ?»

«በተማሪ ላጲስ። አብሽሪ፣ አይነክስሽም።»

በሐያት ላጲስ አሸሁት። የጎረቤት ስክሪን ተውሼ ሞከርኩ። ኬብሉን ቀየርኩ። ሳንቲም የምታክለዋን ባትሪ አውጥቼ መለስኳት። ባበራሁት ቁጥር ማራገቢያው ይዞራል፣ አቧራው ይሸታል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ሐያት ከኋላዬ ቆማ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የራሷን ፊት ታያለች።

ጋሽ ይመር ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። እናቴ መርሳ መንገድ ዳር ፓፓያ ትቸረችር ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እሷ ዘንድ ነው፤ የጋሽ ይመር ጠረጴዛም ከጎናችን ነበር፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ። ጠረጴዛው ላይ በጣሳ የሞላ ብሎን፣ የመኪና ባትሪ፣ የጋለ የብየዳ ካውያ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሣጥን የሌለው ድምፅ ማጉያ ከምስማር ተንጠልጥሎ ይንጫጫል። ጉልበታቸው ያለቀ የራዲዮ ድንጋዮችን ቆርቆሮ ላይ ደርድረው ፀሐይ ያሞቋቸዋል። ወደ ደሴና ወደ መቀሌ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጡት በመዳፋቸው ጭነው ይይዙታል፤ አልፈው ሲሄዱ እንደገና ያቀረቅራሉ። ካውያው አሮጌ ራዲዮ ውስጥ ሲገባ፣ የተጠራቀመው አቧራ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ፣ ከማንጎውና ከፓፓያው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ የልጅነቴ አየር እሱ ነበር።

ራዲዮ ሲመጣላቸው ወዲያው አይከፍቱትም። ባለቤቱን በርጩማ ላይ አስቀምጠው «ምን ስትሰሙ ነው ዝም ያለው?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ዜና ነው ያሳመመው ትላለህ?» ይሏቸዋል ፓፓያ ሻጮቹ።

«ዜናማ ስንቱን ጨርሷል» ይላሉ ሳይስቁ።

ከዚያ ከፍተው አንዱን ቁራጭ ከሌላው እየለዩ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ በተርታ እያኖሩ፣ በየመሃሉ ጆሯቸውን ያስጠጉበታል። የዳነውን እዚያው ይመልሳሉ። ያልዳነውን ግን በረንዳው ላይ መልሰው አያውቁም። በሽርጥ ጠቅልለው፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የቀኑን ሥራ ሳይጀምሩ፣ ባለቤቱ ቤት ድረስ ይወስዱታል። ሲገቡ ይቀመጣሉ። «አልሆነም፤ አይነሳም» ይላሉ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ሻይ ካቀረቡላቸው ጠጥተው ነው የሚሄዱት። ምክንያቱን እናቴ ስትጠይቃቸው «ሰው ያለው አንድ ነገር ሞተብህ ተብሎ ገበያ መሃል አይነገረውም» አሏት።

በሽርጥ ጠቅልለው ሲያልፉ ሴቶቹ አይለቋቸውም ነበር። «ይመር፣ ዛሬ የማንን መርዶ ልትነግር ነው?» ትላለች አንዷ። «ንፍሮ ቀቅለን እንምጣ ወይ?» ትላለች ሌላዋ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ወርወር አድርገው ያልፋሉ።

ከቤታችን ጀርባ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሰይድ በዚያን ዘመኑ ጦርነት ወታደር ሆኖ ወደ ግንባር ሄዷል። ማታ ማታ ራዲዮአቸውን ከጆሯቸው ለጥፈው ስለ ጦርነቱ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ የልጃቸው ስም ይጠራ ይመስል። ያ ራዲዮ አንድ ቀን ዝም አለ። ጋሽ ይመር በዚያ ራዲዮ እንደለፉት በሌላ ሲለፉ አላየሁም። ደሴ ድረስ ልከው ዕቃ አስመጡ። ሌላ ራዲዮ አርደው የሆድ ዕቃውን ወሰዱለት። እትዬ ዘሃራ በየቀኑ መጥተው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። «ትንሽ እንኳ አልተነፈሰም?» ይላሉ። አልተነፈሰም።

አንድ ብርዳማ ማለዳ ጋሽ ይመር ራዲዮውን እንደ ልማዳቸው ጠቅልለው ከመስጊድ ወጡ። የጨርቅ ሱቁ ባለቤት ሐጂም መንገዳቸው በዚያው ስለነበር አብረው ሄዱ። ሁለቱም ጋቢ ተከናንበዋል። እትዬ ዘሃራ በሩ ሲንኳኳ ከፈቱ። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንገታቸውን ደፍተው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። በአገራችን መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው።

እኔ የነቃሁት በጩኸታቸው ነው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። እትዬ ዘሃራ መሬት ላይ ወድቀው ፀጉራቸውን ይነጫሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ወይኔ ሰይዶ!» እያለ ይጎርፋል። ጋሽ ይመር በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሽርጡን ለመፍታት ይታገላሉ።

«ራዲዮ ነው!» ብለው ጮኹ በመጨረሻ፣ ሣጥኑን ወደ ላይ አንስተው። «ወላሂ ራዲዮ ነው! ሰይድ ደህና ነው፤ የሞተው ራዲዮው ነው!»

ከዚያ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሁሉም ተከተላት። እትዬ ዘሃራ ተነስተው የጋሽ ይመርን ትከሻ በቡጢ ይደበድቡት ጀመር፤ ያለቅሳሉም፣ ይስቃሉም።

«አንተ ቀዥቃዣ! ልትገድለኝ ነው? ለራዲዮ መርዶ ይነገራል?»

«አውፍ በሉኝ እትዬ። አውፍ በሉኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ይመር የሞተ ራዲዮ በማለዳ ይዘው አልሄዱም። ከአስር ሶላት በኋላ ፀሐይ ሳለች ይሄዳሉ፤ ሰፈሩ ጥግ ላይ ሲደርሱም ገና ከሩቅ «ራዲዮ ነው! ራዲዮ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። እኛ ልጆችም ከኋላቸው ተሰልፈን እንደጋግምላቸዋለን። መርሳ ሙሉ ሳቀችባቸው፤ እሳቸውም ጩኸቱን አልተዉም።

እውነተኛው መርዶ የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ጦርነቱ ቆመ ከተባለ፣ ሰይድም ዛሬ ነገ ይመጣል ከተባለ በኋላ። ሽማግሌዎቹ ሐጂ ቤት ተሰብስበው መከሩ። ጋሽ ይመር የቅርብ ጎረቤት ነህ ተብለው ተጠሩ። አልሄድም ብለው ነበር አሉ። ግን ሄዱ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ በዝምታ ቆመው ነበር፤ እኔም የእናቴን ቀሚስ ይዤ ከመሃላቸው ነበርኩ።

እትዬ ዘሃራ ከፈቱ። የቆሙትን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ጋሽ ይመር ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ወደ እጃቸው ወረደ። እጃቸው ባዶ ነበር።

«ይመር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ራዲዮ ነው በለኝ።»

ጋሽ ይመር መሬት መሬቱን አዩ።

«በለኝ እንጂ! አልቆጣህም። ራዲዮ ነው በለኝ።»

ሽማግሌው ሐጂ «አላህ የወሰነው...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ይመር ከደጃፉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር፣ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አይደለም እትዬ» አሉ። «ሰይድ ነው።»

የቀረውን መጻፍ አልችልም። ለቅሶው ሲበተን፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ሰውም ወደየሥራው ሲመለስ ጋሽ ይመር አልተመለሱም። ጠረጴዛቸው ብዙ ቀን ተሸፍኖ ቆየ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመርን በእትዬ ዘሃራ በር ላይ ተቀምጠው አያቸው ነበር። አይመክሩም። ምናልባት ስም ተሳስቶ ይሆናል፣ ምናልባት ምርኮኛ ሆኖ ይሆናል የሚል ወሬ ሌሎች ሲያመጡ እሳቸው አይጨምሩበትም። እትዬ ዘሃራ ማውራት ሲፈልጉ ይሰማሉ፤ ዝም ሲሉም አብረው ዝም ይላሉ። ሴትዮዋ ከዚያ ሐዘን አልተነሱም። ጋሽ ይመርም እኔ ወልድያ ለትምህርት ከገባሁ በኋላ አረፉ። አሁን በዚያ በረንዳ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል፤ በሚኒባስ ሳልፍ አየዋለሁ።

ኮምፒውተሩን ሰኞ በባጃጅ ዳዊት ሱቅ ወሰድኩት። ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ማዘርቦርዱ አብቅቶለታል፤ ይቺ ሴትዮ ድሮ ጡረታ መውጣት ነበረባት» አለ። ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ተወ። «ግን ድምፁ ያለው ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። አውጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እሞክረዋለሁ። ረቡዕ ብቅ በይ።»

ማክሰኞን በዚያች ተስፋ ዋልኩ። ሐያትም ዋለች።

ረቡዕ ስሄድ ሱቁ ተማሪ ሞልቶበታል፤ ሁሉም ወረቀት ያባዛል። ዳዊት በአንድ እጁ ወረቀት እያቀበለ በሌላው ሃርድ ዲስኩን ሰካና «ስሚው» አለኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ እንደገና ቀጭ ይላል። «ውስጡ ተፋፍቋል እህቴ። አዲስ አበባም ብትልኪው ያው ነው፤ ገንዘብሽን ብቻ ነው የሚበሉሽ። ሌላ ቦታ ኮፒ አላደረጋችሁም?» አለ። አላደረግንም። «በጣም አዝናለሁ» አለኝ፤ ከልቡም ነበር። ቀጥሎ አንዱ ተማሪ «ሁለት ሁለት ኮፒ» አለውና ወደዚያ ዞረ። እኔ ብረቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ሐያት በራችን ደጃፍ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣ ነበር። ጓደኛዋ የሐያት አባት ሲያወራ ልትሰማ ነው የመጣችው። እሷን ወደ ቤቷ ሸኘኋት፤ ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ከሐያት ፊት ለፊት ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«የአባትሽ ድምፅ ጠፍቷል» አልኳት። «ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ተበላሽቷል።»

«ነገስ?»

«ነገም የለም።»

«ሠሪው አላወቀበትም። ሌላ ሰው ይሥራው!»

ደሴ እንልከዋለን የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት ቀላል ነበር! ለአንድ ወር ዝም ያሰኛት ነበር፣ ምናልባትም ለሁለት። «አይ ሐዩ» አልኳት። «ማንም አይሠራውም።»

የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ ወረወረችው፤ ጓዳ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። ከጋሽ ይመር የቀረኝ ይኸው ነው፦ መጥፎውን ነግሮ ቶሎ አለመነሳት። የሚሠራ ሥራ ነበረኝ፤ ልብስ ተዘፍዝፏል፣ የተማሪዎቼ ደብተር ይጠብቀኛል። አልተነሳሁም። የግቢው ፀሐይ ወደ አጥሩ ሸሸ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ወጣችና ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ወፍራም ነበር?» አለች።

«ምኑ?»

«ድምፁ።»

ተረቱን ጀመርኩላት፤ ጅቡን በወፍራም ድምፅ፣ አህያዋን በቀጭን፣ እሱ የሚያስልበት ቦታ ስደርስም ሳልኩ። ሐያት ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እንዲህ ነበር?» አለችኝ።

«እንዲህ አልነበረም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ሳትገልጥ ወደ እኔ ጠጋ አለች።