ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በኖርኩበት ዘመን ካናዳን የማውቃት በብርዷ ብቻ ነበር። እኛ በረዶው ሲያማርረን «ተመስገን በሉ፣ ካናዳ ብትሆኑስ» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚያ አገር ማን እንደሚገዛ እንኳ ለማወቅ የፈለግሁት በሹሙ የተነሣ ነው።

ሹሙ የምንላቸው ሁለት በር አልፈው የሚኖሩ ጎረቤቴ ነበሩ። አገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፤ አሜሪካ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ። ማቆሚያውንም እንደ መዝገብ ቤት ነበር የያዙት፤ አንድ ቁልፍ ያለ ቦታው ተሰቅሎ ካዩ ምሳ አይበሉም። ለአጭር ሥልጠና መጥተው፣ ሥልጠናው ሲያልቅ መመለሱን ፈርተው የቀሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት፣ በእግሯ ሱዳን ገብታ ካርቱም ተቀምጣ ነበር።

ሹሙ የራሳቸው ወረቀት ገና ስላላለቀ አሜሪካ ሊያስመጧት አይችሉም። ቶሮንቶ የምትኖር እኅታቸው ግን በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ስፖንሰር አገኘችላት። ጉዳይሽ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ለሕክምና ምርመራ እስክትጠሪ ድረስ ካርቱም ቆዪ የሚል ደብዳቤም ደረሳት። የደብዳቤውን ኮፒ ሹሙ በፕላስቲክ አድርገው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ይዞሩ ነበር። «ካናዳ ትግባልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ እኔ እሄድላታለሁ» ይላሉ።

ደብዳቤው ግን አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ክብ ማኅተም። ከግርጌው የተጠማዘዘ ፊርማ ብቻ ነው ያለው። የፈረንጅ አሠራር እንዲህ ነው ብንላቸው አልዋጥላቸው አለ። «ማኅተም የመንግሥት ነው፣ ፊርማ የሰው ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ማኅተም የሌለው ወረቀት የፈረመው ሰውዬ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነው።» እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ብዙ እስቅ ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት፣ እንቁጣጣሽ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከሥራ መልስ እኔ ቤት ራት ልንበላ ተሰባሰብን። ሹሙ ነበሩ፣ አንድ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛችንም ነበረ። ባለታክሲው ተሳፋሪ ጥሎት የወረደውን ጋዜጣ ይዞ መጥቶ «አንቺ የተማርሽ፣ እስቲ የካናዳን ጉድ አንብቢልን» ብሎ ጭኔ ላይ ጣለው። ካናዳ ምርጫ አድርጋ፣ ለብዙ ዓመት የገዛው ፓርቲ ድባቅ ተመትቶ ነበር። ገረፍ ገረፍ አድርጌ አየሁትና፣ ወግ ላሳምር ብዬ፣ «የካናዳ መንግሥት ወደቀ» አልኩ።

ጋዜጣው እንደዚያ አላለም። ተሸነፈ ነው ያለው። ነገር ግን የእኛ አገር መንግሥት በዕድሜዬ ተሸንፎ አያውቅም፤ ወይ ይቆማል፣ ወይ ይወድቃል። አፌ የለመደውን ቃል አወጣ።

ሹሙ ጉርሻቸውን ትሪው ላይ መለሱት። «የቀድሞውን ሰውዬ የት አኖሯቸው?» ብለው ጠየቁ። ባለታክሲው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። የተሸነፉት ሰው ቤታቸው እንደ ተቀመጡ፣ ላሸነፈውም እንኳን ደስ አለህ እንዳሉት ነገራቸው። ሹሙ አልሳቁም። እኛም ዘንድ መጀመሪያ ላይ ደም የለም ተብሎ ነበር አሉ። ባለታክሲው አሁንም አልተወም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ በተሸናፊዎቹ ይቀልድ ጀመር። እኔ ደግሞ ሹሙን ላጽናና ብዬ «ጋሼ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» አልኳቸው።

«አያጣፍጥም፣ ልክ ነሽ» አሉ። «ጉልቻው ሲለዋወጥ ግን ድስቱ ይደፋል።»

አጨበጨብንላቸው። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰው ፍርሃቱን ሲነግረን ንግግሩ ካማረ ፍርሃቱን ረስተን ለንግግሩ እናጨበጭባለን።

እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ፣ ንጉሡ በወረዱ ሰሞን የሆነውን አጫወቱን። የታሰሩ ባለሥልጣናት የፈረሙባቸውን ደብዳቤዎች የያዘ ባለጉዳይ በራቸው ላይ ይሰለፍ ነበር። እሳቸው ናቸው እየተቀበሉ «ፈራሚው ከኃላፊነት ስለተነሡ ተቀባይነት የለውም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ የሚጽፉበት። አንዲት ባልቴት የልጃቸውን የጡረታ ደብዳቤ ይዘው ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ደጃፉ ላይ ጥለውት ሄዱ። ይህን ካወሩን በኋላ ደክሞኛል ብለው በጊዜ ወደ ቤታቸው ገቡ። የካናዳ ጸሐፊ ከዴስኩ አይነሣም፣ ሚኒስትሩ ነው የሚነሣው፤ ይህቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ይበቃ ነበር። ከባለታክሲው ጋር ሻይ እየጠጣሁ በድስቱ ቀልድ ደግሜ ሳቅሁ።

እሑድ ዕለት በሬን አንኳኩ። ፊታቸው ፈታ ብሏል። ራት በበላን ማግሥት ካርቱም ደውለው፣ ሚስታቸው ስልክ ከምትቀበልበት ሱቅ አስጠርተው፣ የካናዳ መንግሥት ወድቋል፣ ወረቀቱም ሞቷል፣ አትጠብቂ ብለዋት ነበር። በፖርት ሱዳን በኩል በጀልባ ወደ ጅዳ የሚሻገሩ ሴቶች ስላሉ ከእነሱ ጋር እንድትሄድ ተስማምተዋል። ካናዳ ውስጥ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ቢሮው እንዳለ፣ ወረቀቱም እንዳልሞተ እየተርበተበትኩ አስረዳኋቸው። ወዲያው ደወልን። መስመሩ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። ባለሱቁ ትናንት ሄደች አለን።

ጀልባዋ ጅዳ አልደረሰችም። መርዶ የሚያመጣ ሰው እንኳ አልተገኘም፤ ያለ መርዶ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። ሹሙ በየቀኑ ሥራ ሄዱ፣ ቁልፎቻቸውን በየቦታቸው ሰቀሉ።

ጥቅምት ላይ ከቶሮንቶ ፖስታ መጣላቸው። ለሕክምና ምርመራ የሚጠራው ደብዳቤ ነበር፤ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። አሮጌውንም አዲሱንም ይዘው እኔ ቤት መጡና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ጣታቸው ከአንዱ ግርጌ ወደ ሌላው ግርጌ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነውና ፊርማ አይስቱም።

«አንድ እጅ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ሁሉ በራሳቸው ላይ አደረጉ። እኔ አላዋቂ፣ እኔ ችኩል፣ የካናዳን መንግሥት እንደ እኛው መንግሥት የቆጠርኩ ይላሉ። እኔም እግዜር ያመጣው ነው፣ አይዞዎት እያልኩ አጽናናኋቸው። «ወደቀ» የእኔ ቃል እንጂ የጋዜጣው እንዳልነበረ ግን አልነገርኳቸውም። አራት ዓመት ሙሉ አልነገርኳቸውም። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

በሰማንያ ስምንት ካናዳ እንደገና ምርጫ አደረገች፤ የነበረው መንግሥት አሸነፈ። ሹሙ ያን ጊዜ ወደ ሥራቸው ቀረብ ብለው አሌክሳንድሪያ ቤት ይዘው ነበር። የእንግሊዝኛ ትምህርትም ጀምረዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ጣታቸውን አንድ ቃል ሥር አስቀምጠዋል።

«ዲፊትድ» አሉ፣ ፊደል በፊደል። «መሸነፍ ማለት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«መውደቅ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ያን ጊዜስ ጋዜጣው ላይ የነበረው ይኸው ነው?»

ረሳሁት ብል ያምኑኝ ነበር። «አዎ፣ ይኸው ነው» አልኩ።

ጋዜጣውን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት፤ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክለው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም ነበር ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«እኔም ብሆን» አሉ፣ «ያንኑ ነበር የምለው።»

ይህን ብለው ሻይ ሊያፈሉልኝ ተነሡ። ስኳር ስንት እንደምወስድ ያውቃሉ፣ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።