የኡሙልኸይር ሽንኩርትና የእንድሪስ ትኩሳት

ቆቦ ላይ የእናቴ የኡሙልኸይር ስም ሲነሳ የማይመርቃት የለም። እጇ መድኃኒት ነበር ይላሉ። እጇስ መድኃኒት ነበር፣ እሱን አልክድም። መልአክ ነበረች ሲሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። እኔ ዘኪያ አብሬያት የኖርኩ የበኩር ልጇ ነኝ፤ የማውቀውን እናገራለሁ፤ የሚከፋው ይከፋው።

አባታችን የሞተው ወንድሜ እንድሪስ ገና በእንብርክኩ ሲሄድ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ከሆርማት ወንዝ ውሃ እየጠለፈች ያበሻ ሽንኩርት ታለማ ነበር። ያቺን ደቃቃዋን፣ ቀዩዋን። ዛሬ ገበያውን የሞላው ትልልቁ ሽንኩርት ውሃ ነው፤ ያቺ ግን ሌላ ናት። ዘር አትፈልግም፣ ዘሯ ራሷ ናት። አንዷን ራስ ትተክያታለሽ፣ ከሥር እየተከፈለች አምስትም ስምንትም ሆና ትወጣለች፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቃቅፈው። ቅጠሏ ደርቆ ሲተኛ እንነቅላታለን፣ ጥላ ሥር እናሰጣታለን፣ ከዚያ ቅጠሏን እንደ ሹሩባ ጎንጉነን ከጣሪያው ማገር ላይ እንሰቅላታለን። ቤታችን ከወለል እስከ ጣሪያ ሽንኩርት ነበር። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ የምንተኛበት ሰሌን ሳይቀር ይሸታል። ጎብዬ አግብቼ የነበረው ሰውዬ፣ አላህ ይይለት፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ትያለሽ እያለ አንገሸገሸኝ፤ ጥዬው መጣሁ። ደግ አደረግሁ።

ወጧ እንዴት እንደሚጥም አትጠይቁኝ። ያለ ዘይት፣ በራሷ ውሃ ብቻ ቀስ ብላ ስትበስል ጎረቤት ምራቁን ይውጣል። መድኃኒትነቷ ግን የእናቴ ዕውቀት ነው። ብጉንጅ ለወጣበት በረመጥ ጠብሳ፣ እንደሞቀች ሰንጥቃ ታስርለታለች። ሳል ለያዘው ጨምቃ በማር ትሰጠዋለች። ጊንጥ የነደፈው ሰው ከሮቢት ድረስ በበቅሎ ተጭኖ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ክርስቲያን እስላም ሳትል፣ ዋጋ ሳትቀበል ነው። መድኃኒት ጠይቆ በራችን ላይ የቆመን ሰው የለኝም ብላ መልሳ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ መለሰች።

ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ የብሔራዊ ውትድርና ዘማቾችን ስም አነበበ። የእኛ እንድሪስ ዋና ሆኖ ተጠራ፤ በተጠባባቂ ደግሞ የጎረቤታችን የየሻረግ ልጅ ካሳ። ዋናው ከጎደለ ተጠባባቂው ይሄዳል ተባለ።

የሻረግ ማለት ለእኛ ጎረቤት ብቻ አይደለችም። እንድሪስ ሲወለድ እናቴ ታማ ጡቷ ነጥፎ ነበር፤ ካሳን በአንድ ጡት፣ እንድሪስን በሌላው ይዛ ያሳደገችው የሻረግ ናት። ካሳ አንድ ልጇ ነው። እንድሪስም ለእናቴ አንድ ወንድ ልጇ ነው። እንግዲህ አስቡት።

እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ አላለቀሰችም። ከሁሉ የምታቃጥለዋን፣ ውሃ የጠማት መሬት ላይ የበቀለችውን ሽንኩርት መርጣ ወቀጠች። ሲነጋጋ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በእንድሪስ በሁለቱም ብብት ሥር ሰካችና ጋቢ ደራርባ አለበሰችው። ፀሐይ ስትወጣ ገላው እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ጥቅልሉን አወጣች፣ ብብቱን አጠበችለት፣ ደግፈን ለምርመራ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ድሬሰሩ የሙቀት መለኪያውን የት ያስገባል? እዚያው ብብቱ ሥር ነዋ። አውጥቶ አየና ወባ ነው፣ ይተኛ አለ። የሽንኩርቱን ሽታ አልጠረጠረም፤ እኛ መቼ ሽንኩርት ሳንሸት ቀርተን እናውቃለን? እናቴ ይህንን ሁሉ አስልታው ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሻረግ መጣች። ካሳ ሐሙስ እንደሚሄድ ነግረዋታል። ሆኖም መጀመሪያ የሄደችው ወደ እንድሪስ ነው። ያመጣችውን አጥሚት በእጇ አጠጣችው፣ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከረች ግንባሩ ላይ አደረገች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ጥግ ላይ ሽንኩርት እጎነጉናለሁ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከቆየች በኋላ ወደ እናቴ ዞር አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ኡሙልዬ፣ ጤነኛውን ሰው ለሁለት ቀን ሕመምተኛ የሚያስመስል ነገር ታውቂያለሽ? ለካሳዬ።»

እናቴ ዓይኗን በጨው አጥባ አየቻት።

«ወላሂ አላውቅም» አለች። «ባውቅ ላንቺ እደብቃለሁ? የእንድሪስም አላህ ያመጣው ወባ ነው።»

የሻረግ አመነቻት። በአላህ የማለችላትን ሴት እንዴት አታምናት! እንድሪስን አላህ ይማርህ ልጄ ብላ ግንባሩን ስማ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ እናቴ ላይ ጮህኩባት። በዕድሜዬ እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም። እሷም ምክንያቷን ደረደረች። የካሳ ቤት የማሽላ ገበሬ ቤት ነው፤ ልጁ ድንገት ሽንኩርት ሽንኩርት ሲል ድሬሰሩ ይነቃል፤ እሱ ተይዞ የእኛም ይጋለጣል አለች። እኔ ደግሞ ዛሬ ገና ሰኞ ነው፣ እስከ ሐሙስ ከእኛ ጋር ይንቀል፣ ይጎንጉን፣ ሽንኩርቱ ላይ ይተኛ፣ እንደ እኛ ይሸታል አልኳት። ይህንን እሷም ታውቀዋለች፤ ከእኔ በፊት አስባዋለች። ከአንድ ደጃፍ ሁለት ወባ ማን ያምናል፣ የወንድምሽን ሞት ነው የምትፈልጊው አለችኝና አፈጠጠችብኝ። ያኔ ዝም አልኩ። ፈርቼ አይደለም። ወንድሜ እንዲቀር ፈልጌ ነው። ካሳ ይሂድ ብዬ በልቤ ፈርጄ፣ ሽንኩርቴን መጎንጎን ቀጠልኩ። እንግዲህ ይኸው፣ ከእናቴ የምሻለው ነገር የለም።

እንድሪስ ግን ሁሉንም ሰምቷል። ማክሰኞም ረቡዕም ብንለምነው ብንሠራው እህል አልቀምስም አለ። ሐሙስ ጠዋት ተነሳ። ብብቱ ተልጦ ክንዱን ከጎኑ ማስጠጋት እንኳን ያቅተው ነበር። ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መስሎን ነበር፤ ሲዘገይ ነው የደነገጥነው።

ቀበሌው በር ላይ ስንደርስ ከሊቀመንበሩ ፊት ቆሟል። ተሽሎኛል፣ እኔ ዋናው ነኝ፣ ተጠባባቂውን መልሱት እያለ ነው። ስለ ሽንኩርቱ አንድም አልተነፈሰም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየና ሁለቱም ስሞች እዚህ አሉ፣ አገር ሰው ትፈልጋለች፣ ሁለታችሁም ውጡ አለ። አለቀ። ሁለቱንም ኦራል መኪና ላይ ጫኗቸው። ካሳ የእንድሪስን እጅ ይዞ ያለቅሳል። እንድሪስ አላለቀሰም።

እናቴ የመኪናውን ጎን ይዛ ልጄን ልጄን ስትል ጎንበስ አለላት። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

«እማ፣ ለእትዬ የሻረግ እንዳትነግሪያት» አላት። «እንድትጠላሽ አልፈልግም።»

መኪናው ሄደ። ወደ ሰሜን ነው የሄደው፣ ሌላ የምናውቀው የለም።

እናቴ አስፋልቱ ዳር እንደተቀመጠች የሻረግ መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። ልጄ ሄደብኝ ብላ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እናቴን ነው የምትመርቀው። በወባ እየነደደ፣ ከአልጋው ተነስቶ ልጄን ሊያስቀርልኝ መጣ፤ እንዲህ ያለ ልጅ የተሸከመ ማኅፀን ይባረክ፣ አለች። እናቴ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አሜን» አለች እናቴ።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በመንገዳችን አለፈ። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ቆመው ስንት ሳምንት ፊት ሲያዩ ሰነበቱ። እንድሪስም ካሳም አልመጡም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሽንኩርቷን ተከለች፣ ሰውም አዳነች፤ ወላሂ የሚል ቃል ግን ዳግመኛ ካፏ አልሰማሁም። ስትሞት ከእኔ በላይ ያለቀሰችው የሻረግ ናት። ለቀስተኛውን ሁሉ ሰብስባ፣ የዚህች ሴት ልጅ ለልጄ ሲል በትኩሳት ተነስቶ ሄደ እያለች ታወራለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ የሻረግን የጦርኳት እኔ ነኝ። ጧሪ የላትማ፤ ማን አሳጣት? ያለፈው ሚያዝያ አረፈች። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ፣ ቤታችሁ አይጥፋ፣ ከእናንተ ደግነት እንጂ ክፉ አላየሁም፣ አለችኝ። እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ብነግራት ምን ይዛ ትሄዳለች? ያላት ያ ብቻ ነው።

አሜን አልኳት።