እህቴ ስለ ልብ የተማረች ዕለት

መሐል ሜዳ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር ታናሽ እህቴ ከእናታችን ቤት መጥታ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። የምትማረውም እኔ በማስተምርበት ክፍል ነው። ከምንጩ ውሃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀሪካኑን አውርዳ ትቀመጣለች። «ልቤ ድው ድው ይልብኛል» ስትለኝ፣ «ስንፍና ነው፤ የመንዝ ልጅ ዳገት ይደክማታል?» እላት ነበር።

የልብ ትምህርት የደረሰ ዕለት ከሥጋ ቤት የበግ ልብ ገዝቼ ገባሁ። በምላጭ ከፈልኩትና አራቱን ክፍሎች በጣቴ እየነካሁ አሳየኋቸው። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ግራው ከሳንባ አየር ይዞ የመጣውን ተቀብሎ በትልቁ ደም ቅዳ ለመላ ሰውነት ይረጫል። ከላይኛውና ከታችኛው ክፍል መሀል ያሉትን ስስ ቫልቮችም ገልጬ፣ «እነዚህ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ በሮች ናቸው፤ ልብ ሲጨመቅ ይዘጋሉ፣ ደሙ ወደ ኋላ አይመለስም» አልኩ።

እህቴ እጇን አወጣች። «በሩ ባይገጥምስ፣ ቲቸር?»

«ደሙ ይመለሳላ። ልብ ያንኑ ደም ደግሞ ደጋግሞ ሲገፋ ይደክማል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲብስ እግሩ ያብጣል።»

በቃሌ የያዝኩትን ነው ያነበነብኩት። ቤት ስንገባ፣ «ጋሼ፣ ያ ያልከው የእኔን አይመስልም?» አለችኝ።

«የተማርሽውን በሽታ ሁሉ ልትታመሚ ነው?» ብዬ ሳቅሁባት። ከዚያ ወዲህ ስለ ልቧ አላነሳችም።

ከፋሲካ በኋላ ጫማዋ አልገባ አላት። ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። በማግስቱ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወሰድኳት። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ በግራ በኩል ያለው ቫልቭ ተጎድቶ እንደማይገጥም ነገረን። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እያመማት መገጣጠሚያዋ ያብጥ እንደነበር ጠየቀኝ፤ አዎ፣ ያብጥ ነበር። ቫልቩን የጎዳው ያ ሕመም ነው አለን። ቀጥሎ፣ «ትንፋሽ ማጠሩ መቼ ጀመራት?» አለ።

አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «በቅርቡ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም» አለችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ሐኪሙም እንዳለችው ካርዷ ላይ ጻፈ።

አሁን ያ የጉሮሮ ሕመም እንዳያገረሽባት በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ለቀዶ ጥገናም ተራ ይዛለች። እብጠቱ ጎድሏል። ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። እናታችን ልትጠይቃት የመጣች ቀን አንገቴን አቅፋ፣ «አንተ ባታውቅላት ልጄ አልቃብኝ ነበር» አለችኝ። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች።

«ተመስገን በይ፣ እማዬ» አልኩ። ምርቃቷንም ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።